የፊት እንጨቱን አውልቀህ እየው

የመጀመሪያውን የአደን ጠመንጃዬን የገዛሁት በዓይኔ ብቻ ፈርጄ ነው። ሰደፉ ያብረቀርቃል፤ መንታው አፈሙዝ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ነው፤ ጭረት የሚባል ነገር አይታይበትም። ከወገቡ አጥፌ ስዘጋው እንደ አዲስ መኪና በር ድም ብሎ ገጠመ። ሻጩ ብዙ አልተናገረም፤ እኔም ብዙ አልጠየቅሁም። ስድስት መቶ ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሁለተኛው የአደን ወቅት ሳያልቅ ድምፁ ተለወጠ። ድም ይል የነበረው ቀጭ ማለት ጀመረ። በተኮስሁ ቁጥር ማጠፊያው ትንሽ ትንሽ እየላላ፣ ጠመንጃው እጄ ውስጥ እንደ አሮጌ ወንበር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

እኔ የብረት ሰው ነኝ። ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረ ቶርኖ ቤት ነው። ዛሬም ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ እንጀራዬን የማገኘው ብረት በመቁረጥና በመለካት ነው። የሚሊሜትር መቶኛ ለእኔ የዘወትር ቋንቋ ነው። ያንን ጠመንጃ ግን አንድ ቀን እንኳ አልለካሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጎን ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የጠመንጃ ጠጋኝ አሉ። ወሰድሁላቸው። ተቀብለው መጀመሪያ ከፈቱት፤ ሁለቱንም የጥይት ጉድጓድ አዩ፤ አይተው አልበቃቸውም፣ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱ። ባዶ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰምተውኛል፤ ቢሆንም ዳሰሱት። ከዚያ በአፈሙዙ ሥር ያለችውን፣ ግራ እጅ የሚይዛትን የፊት እንጨት ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠመንጃውን ያለ እርሷ መልሰው ዘጉት። የሰደፉን አንገት ጨብጠው፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በቀስታ ወዘወዙት።

ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ።

«የፊት እንጨቱን አውልቀህ ነው የምታየው» አሉኝ። «እርሷ እስካለች ድረስ አሮጌው ሁሉ አዲስ ይመስላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወገቡ የሚታጠፍ ጠመንጃ አሠራሩ እንደ በር ነው። በር ማጠፊያ አለው፤ መቀርቀሪያም አለው። ከአፈሙዙ ሥር ወደ ታች የወጣ ጠንካራ ጉጥ አለ፤ ፊቱ ላይ ግማሽ ክብ ተጎድጉዶበታል። ይህ ጉድጓድ በጠመንጃው አካል ውስጥ በአግድም በተሰካ ስፒና ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል፤ ማጠፊያው ይህ ነው። ጠመንጃው ሲዘጋ ደግሞ መቀርቀሪያው ከኋላ ተንሸራትቶ ጉጡ ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይገባና አፈሙዙን ወደ ታች ይዞ ያስቀረዋል። ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ግፊት አፈሙዙን ወደ ፊት፣ ቀለሃውን ወደ ኋላ ይገፋል። አፈሙዙና ከኋላው ያለው የብረት ግድግዳ ሊለያዩ ይታገላሉ፤ የሚይዟቸው ያ ስፒናና ያ መቀርቀሪያ ናቸው። በሺዎች ተኩስ ውስጥ ስፒናውም ይበላል፣ የጉጡ ጉድጓድም ይሰፋል፤ በአፈሙዙና በግድግዳው መካከል ፀጉር የምታህል ብርሃን መታየት ትጀምራለች። የፊት እንጨቷ በውስጧ ባለው ብረትና ሞላ አፈሙዙን ወደ ኋላ ስለምትገፋው ያችን ክፍተት ትደብቃለች። እርሷን ሳያወልቁ ጠመንጃን ጠባብ ነው ወይም ላላ ነው ማለት ካፖርት የለበሰን ሰው ከሳ ወይም ወፈረ እንደ ማለት ነው።

አዛውንቱ አፈሙዙን ነቅለው የጉጡን ጉድጓድ በቤንዚን አጠቡ። ግራሶው ሲለቅ ከሥሩ አንድ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ስስ የናስ ቆርቆሮ ነው፤ በብየዳ ተለጥፎ፣ ከላዩ ግራሶ ተደፍኖበታል። አንድ ሰው የላላውን ማጠፊያ እንደሚገባው ከመጠገን ይልቅ፣ እስኪሸጥ ድረስ የሚቆይ ሽፋን አልብሶታል። ናሱ በእኔ ተኩስ ተጨፍልቆ አለቀና እውነቱ ወጣ። ለሚገዛው ሰው ፊትና እጅ ቅርብ የሆነን ነገር እንዲህ አድርጎ መሸጥ ከባድ በደል ነው፤ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገለገለ ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር የማደርገው ይኸው ነው፤ ባዶነቱን ማረጋገጥ፣ የፊት እንጨቱን ማውለቅ፣ ግራሶውን ጠርጎ መዝጋትና መወዝወዝ። ግራሶ ሳይጠረግ የሚደረግ ፍርድ አይታመንም። ወፍራም ግራሶ የላላውን ዝም ያሰኛል፤ ከቀለሃ ማውጫው ሥር የተጋገረ ቆሻሻ ደግሞ ጤነኛውን ጠመንጃ በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል። ቀጥሎ መብራት ከበስተጀርባ አድርጌ በጎን በኩል አያለሁ። ብርሃን ካላለፈ ጥሩ።

ማንሻውም ይናገራል። ጠመንጃው አዲስ ሲሆን ወይም በደንብ ሲታደስ፣ ከላይ ያለው መክፈቻ ማንሻ ሲዘጋ ከመሐል መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይቆማል። መቀርቀሪያው እየተበላ ሲሄድ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ማንሻው ወደ መሐል ይመጣል፤ በጣም ሲበላ መሐሉን አልፎ ወደ ግራ ይዞራል። ግን ማንሻው የሚናገረው ስለ መቀርቀሪያው እንጂ ስለ ስፒናው አይደለም። ማንሻው ቀኝ ላይ ቆሞ ማጠፊያው የተበላ ጠመንጃ አይቻለሁ፤ የእኔው የመጀመሪያው ራሱ እንደዚያ ነበር።

አባቴ ጎጃም ውስጥ አንድ ምንሽር ነበረው። ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ አይወርድም፤ የሚወርደው ለመወልወል ብቻ ነበር። በክረምት ጭስና ርጥበት ቤቱን ሲሞላው በየሳምንቱ ያወርደዋል። ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ ቃታውን፣ ስቦ ያወጣና በገመድ ጫፍ የታሰረ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ በአፈሙዙ ውስጥ ይጎትታል። ከዚያ እኔን ይጠራና ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ በኋላው በኩል ያሳየኛል። «ሰማዩ ይታይሃል?» ይለኛል። የሰማዩ ክብ ንጹሕ ሆኖ፣ በዙሪያው ያለው ብረት እንደ ውሃ ካበራ አለቀ ማለት ነው። አንዲት ጥቁር ነጥብ ካየሁ እንደ ገና ይጎትታል። ጠመንጃው ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ያለቀ፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የተላገ ነበር። አባቴ ስለ ውጭው ግድ አልነበረውም።

የአደን ጠመንጃም ቱቦው ሲታይ ያው ሰማይ ነው፤ ልዩነቱ የምንሽሩ ውስጥ የተጠማዘዘ ጥርስ ሲኖረው ይኼኛው ልሙጥ መሆኑ ነው። ልሙጥነቱ ለፍርድ ይመቻል። አፈሙዙን ነቅለህ ወደ መስኮት ስታዞረው በውስጡ የብርሃን ቀለበቶች ተደርድረው ታያለህ። ቀለበቶቹ ሙሉ ክብ ከሆኑ ቱቦው ደህና ነው። አንዱ ቀለበት ሰብሮ ከገባ እዚያ ቦታ ላይ ጉድባ አለ፤ አንድ ቀን ከድንጋይ ወይም ከአጥር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ዙሪያውን ጥላ የሠራ ቀለበት ካየህ ደግሞ ጠመንጃው ጭቃ ወይም በረዶ ጫፉን ደፍኖት ሳለ ተተኩሶ ያበጠ ሊሆን ይችላልና በጣትህ ከውጭ ዳስሰው። ጥቁር ነጠብጣቦቹ የድሮ ባሩድና ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የድሮ ካፕሱል የተዉት ጨው የበላቸው ጉድጓዶች ናቸው። ጥቂትና ጥልቀት የሌላቸው ከሆኑ አብሮ መኖር ይቻላል፤ ከጥይቱ ጉድጓድ አጠገብ፣ ግፊቱ በሚያይልበት ቦታ ጠለቅ ብለው ከተገኙ ግን ባለሙያ ሳያየው አይተኮስም።

እዚህ ላይ ቶርኖው ጠቀመኝ። ነጠብጣብ የበዛበትን ቱቦ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ውስጡን ያስፍቀዋል። ቱቦው እንደ መስታወት ያበራል፤ ግድግዳው ግን ሳስቷል። ስለዚህ በጣም የሚያበራ ቱቦ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ሲገጥመኝ መለኪያዬን አወጣለሁ። የቱቦው ግድግዳ በሳሳው ቦታ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ከወረደ እኔ አልነካውም።

ሁለተኛውን ጠመንጃዬን ያገኘሁት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት የቤት ዕቃ ሲሸጡ ነው። አልጋና ምንጣፍ መካከል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲገለጥ ማንም አልፈለገውም። የአፈሙዙ ቀለም ከእጅ መያዣው አካባቢ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ብረቱ ወጥቷል፤ በሰደፉ ላይ ያለው ቅርጽ ተልጓል፤ አካሉ የድሮ ሳንቲም ቀለም ይዟል። ባዶነቱን አየሁ፤ እንጨቱን አወለቅሁ፤ ወዘወዝሁት። ዝም። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ እንደ ገና ወዘወዝሁት። ዝም። ማንሻው ከመሐል ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቆሟል። የብሎኖቹ ራስ አንዱም አልተቧጨረም፤ ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ ያልተማረ እጅ በማይሆን ካቻቢቴ ነካክቶት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። አፈሙዙን ነቅዬ ጉጡን በገመድ አንጠለጠልሁና በእርሳስ እንጨት መታ አደረግሁት። እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ረጅም ድምፅ ሰጠኝ። ሁለቱን ቱቦዎች የሚያያይዘው ብየዳ ቢለቅ ኖሮ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ገል ይሆን ነበር።

ገልብጬ ከሥሩ አየሁ። ዕንቁላል በሚመስል ክብ ውስጥ የላቲን ፊደላት፣ ከላዩ ዘውድ። የሊዬዥ የፍተሻ ቤት ማኅተም ነው። የቤልጂግ ከተማ ሊዬዥ ጠመንጃን በኃይለኛ ባሩድ ፈትሾ ማኅተም የመምታት ልማድ ከ1672 ጀምሮ ያላት ናት፤ ዘውዱ የተጨመረው በ1893 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከእርሱ አጠገብ አንበሳ ቆሟል፤ ይህ ጭስ በሌለው ባሩድ መፈተሹን ያመለክታል። አንበሳ የሌለው አሮጌ ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተሸ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ በሚሸጠው ጥይት ሊተኮስ አይገባውም። የሊዬዥን ማኅተም ሳየው ልቤ ሞቀ። ኤፍ ኤን የሚባለው የጠመንጃ ፋብሪካ በ1889 የተመሠረተው እዚያው ሊዬዥ አጠገብ፣ ኸርስታል ላይ ነው፤ ከማይጨው በፊት የክብር ዘበኛ በቤልጂግ መኮንኖች ሲሠለጥን ወደ አገራችን የገባው ጠመንጃም የእነርሱ ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ቤልጂግ ሲሉ የአገር ስም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የጠመንጃ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከማኅተሙ ጎን ቁጥር ተመትቷል፤ 18.3። የቱቦው ውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ነው። መለኪያዬን አስገባሁ። 18.3። ሌላኛው ቱቦ፤ ያው። ማንም አልፋቀውም። ያ ጠመንጃ ከፋብሪካ የወጣበትን ግድግዳ እንደ ያዘ ነበር። በዕቃዎቹ መካከል ቆሜ፣ ያ ሰው ስንት ዓመት በእጁ ይዞት እንደ ዞረ፣ ስንት ማታ ደክሞት ሳለ ተቀምጦ እንደ ወለወለው አሰብሁ። ቀለሙን የጨረሰው የእርሱ እጅ ነው። ውስጡን ያቆየውም የእርሱ እጅ ነው።

ሌላም ቁጥር ነበረ፤ 65። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ጣት የሚያስቆርጥ ነገር ነውና። የጥይት ጉድጓዱ ርዝመት ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ባለ 12 ቁጥር ጥይት አብዛኛው 70 ሚሊሜትር ነው። ባለ 70ው በ65ቱ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ጠመንጃውም ይዘጋል። የሚያታልለው ይህ ነው። 70 የተባለው ተተኩሶ አፉ ሲከፈት ያለው ርዝመት ነው፤ ከመተኮሱ በፊት ጫፉ ታጥፎ ስለ ተደፈነ አጭር ነው። ሲተኮስ ያ እጥፋት ተከፍቶ ቱቦው በሚጠብበት ቦታ ላይ ይዘረጋና የባሩዱን መንገድ ያጠብበዋል፤ ግፊቱ ይንራል። እኔ አጭሩን በትእዛዝ አስመጣለሁ። በጥይቱ ውስጥ ያለው ፍሬም ብረት አይደለም። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1991 በመላ አገሪቱ የውሃ ወፍ በእርሳስ እንዳይታደን ከከለከለች ወዲህ ብረት ፍሬ በዝቷል፤ እኔ የምሄድባቸው የፌዴራል የወፍ መራቢያ መሬቶችም እርሳስ አይፈቅዱም። ብረት ግን ጠንካራ ነው፤ ጫፉ የጠበበውን አሮጌ አፈሙዝ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ቢስሙት ከሚባለው ማዕድን የተሠራውን ለስለስ ያለ ፍሬ እገዛለሁ። ውድ ነው። ይገባዋል።

ወደ ቤት ስወስደው በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ አዛውንቱ ጋራዥ ነው። ደስ አላቸው። የመጀመሪያውን ጠመንጃዬን ሊጠግኑልኝ ተስማምተው ስለ ነበር በዚያው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። የጉጡን ጉድጓድ በብየዳ ሞልተውታል። አሁን የሚሞርዱት በልክ እስኪገጥም ነው። አንዲት ትንሽ የዘይት መብራት ለኮሱ፤ ጭሷ በብረቱ ላይ ጥቁር እስኪለጠፍ ያዟት። ኩራዝ! የቤታችን ኩራዝ ናት፤ ያው ጠረን፣ ያው ጥላሸት። ጥላሸት የለበሰውን ጉጥ አስገብተው ይዘጋሉ፤ ይከፍታሉ፤ ጥቁሩ የለቀቀበት ቦታ ነክቷል ማለት ነውና እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ሞረዱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ይስባሉ። እንደ ገና ጥላሸት። እንደ ገና መዝጋት። ሦስት ሰዓት አየኋቸው። እኔ በፋብሪካ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ የማደርገውን ነገር እርሳቸው በኩራዝ ጭስ ከእኔ ማሽን በማያንስ ትክክለኛነት ይሠሩታል። አባቴ ይህን ቢያይ ብዬ ተመኘሁ።

ጥገና የሚባለው አብዛኛው ትንሽ ነገር ነው። ሰው የሚያበላሸው በዘይት ብዛት ነው እንጂ በማነስ ብቻ አይደለም። ዘይት የበዛበት ጠመንጃ ሰደፉ ወደ ታች ተደርጎ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ የእንጨቱን አንገት ይጠጣል፤ እንጨቱ ይጠቁርና ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ከብረቱ ጀርባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከወለወልሁት በኋላ የመጀመሪያውን ሌሊት በአፉ ተደፍቶ፣ ጨርቅ ላይ ያድራል። ማጠፊያው ግን ግራሶ ይፈልጋል። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ጠርጌ፣ አዲሱን በጣቴ ጫፍ እንደ ቅባት ስስ አድርጌ ጉድጓዱንና ስፒናውን፣ የፊት እንጨቷ ብረት የሚታሸበትንም ቦታ እቀባለሁ። አቧራ የነካው አሮጌ ግራሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከተኩሱ ይልቅ ማጠፊያን የሚበላው እርሱ ነው።

ይህ አገር ሌላም ፈተና አለው። ጥቅምት ሲጠባ የፌዛንት ወቅት ይከፈታል፤ የቆቅና የጅግራ ዘመድ የሆነ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ረጅም ጅራት ወፍ ነው። (ሕይወቱ ሳይወጣ ከደረስሁበት በስመ አብ ብዬ እባርከዋለሁ፤ እናቴ ከዚህ ውጭ ከሆነ አትቀምሰውም።) ወቅቱ እስከ ክረምቱ ስለሚዘልቅ ከበረዶ ወደ ሞቀ ቤት ስገባ ብረቱ ላብ ያወጣል፤ በዓይን የማይታይበት የማንሻው ሥር ሳይቀር ይረጥባል። እንደ ገባሁ አወልቄ እወለውላለሁ፤ እራት ከበላን በኋላ እንደ ገና እወለውላለሁ። ሁለተኛው ውልወላ ነው ጠመንጃ የሚያድነው። በሸራ ወይም በቆዳ ከረጢቱ ውስጥ ግን ፈጽሞ አላሳድረውም፤ ርጥበቱን አቅፎ ያሳድረዋል። ቦታው በቁልፍ የሚዘጋው ሣጥን ነው፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ።

ውስጡን፣ መዶሻዎቹንና ሞላዎቹን እኔ አልፈታም። ብረት ስለማውቅ ነው የማልፈታው። በየሦስት ዓመቱ አዛውንቱ ይፈቱታል፤ ባለፈው ጊዜ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስለ ነበር ብሎኖቹን እርሳቸው እያሳዩኝ እኔ ፈታሁ።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የአዳኞችን የደህንነት ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ተቀብላለች። ባለፈው ቅዳሜ ወቅቱ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፍን። ከፈተችው፤ ሁለቱን ጉድጓዶች አየች፤ ሳልነግራት ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች። የፊት እንጨቱን ነቅላ ወደ ጎን አስቀመጠች። በአፈሙዙና በግድግዳው መካከል የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት የምታህል ስስ ወረቀት አስገብተን ዘጋነው። «ሳቢው» አልኋት። በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበች፤ አልመጣም። ጠበቅ አድርጋ ሳበችው፤ ወረቀቱ ተቀደደና ግማሹ እጇ ላይ ቀረ።